ከመክፈልዎ በፊት፦ የበዓል ሰሞን የሸማች መመሪያ

በዓል ሲቃረብ ገበያ ላይ ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ፦ ጥድፊያ፣ የተጠራቀመ ገንዘብና የማይራዘም ቀን። አጭበርባሪ ከዚህ በላይ የሚፈልገው የለም። በሌላ ጊዜ ዕቃ አገላብጦ፣ ጠይቆና ተከራክሮ የሚገዛ ሰው በዋዜማው «ነገ አይገኝም» ሲባል ሳያይ ይከፍላል። ይህ መመሪያ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተዘጋጀ ነው፦ ዕቃው ባይደርስ ወይም ቢበላሽ ገንዘቤን የሚመልስልኝ ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ መታወቅ ያለበት ከክፍያ በፊት ነው። ከክፍያ በኋላ መልሱን ፍለጋ መዞር በጣም አድካሚ ነው።

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት

ከበዓሉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብለው የሚገዙትን በወረቀት ወይም በስልክዎ ይጻፉ። «ቴሌቪዥን» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሞዴል ቁጥሩን፣ መጠኑንና የዕለቱን ዋጋ አብረው ያስፍሩ። ቢቻል የተለጠፈውን ዋጋ ፎቶ ያንሱት። የሐሰት ቅናሽ የሚለየው በዚህ ነው፤ እውነተኛ ቅናሽ የሚለካው ዕቃው ሲሸጥበት ከነበረው ዋጋ ነውና። ሻጩ «የድሮ ዋጋ» ብሎ ጽፎ የሰረዘበትን ቁጥር መለኪያ አያድርጉት።

ስሌቱን በ100 ይሞክሩት። 100 የነበረ ዕቃ መጀመሪያ 40 በመቶ ይጨመርበትና 140 ይሆናል። ከዚያ «30 በመቶ ቅናሽ» ይለጠፍበታል። ከ140 ላይ 42 ሲቀነስ 98 ይቀራል። ትልቁ ቀይ ጽሑፍ 30 ይላል፤ በእርግጥ የቀነሰልዎ 2 ብቻ ነው። «50 በመቶ፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ 20 በመቶ» ሲባልም 70 በመቶ ተቀነሰ ማለት አይደለም። 100 መጀመሪያ 50 ይሆናል፤ የ50 ሃያ በመቶ 10 ስለሆነ የሚከፍሉት 40 ነው። «ሁለት ለገዛ አንድ በነጻ» ደግሞ 33 በመቶ ግድም ነው፤ ያውም ሦስተኛው ዕቃ በእርግጥ የሚያስፈልግዎ ከሆነ።

በታሸገ ዕቃ ላይ ከዋጋው በፊት ግራሙን ያንብቡ። የማሸጊያው መልክ ሳይለወጥ 1 ኪሎ የነበረው 900 ግራም ሆኖ በዚያው ዋጋ ከተሸጠ፣ ዋጋው 11 በመቶ ጨምሯል። ሁለት ማሸጊያ ሲያወዳድሩ ዋጋውን ለግራሙ አካፍለው በ100 ያባዙ፤ የ100 ግራም ዋጋ ይወጣል፤ ማወዳደር ያለብዎ እሱን ነው። በበዓል ሰሞን ዋጋው በጣም የወረደ የታሸገ ዕቃ ሲያዩ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም ይፈልጉት። በሌላ ወረቀት ከተሸፈነ ወይም ተፍቆ ከተጻፈ ይተዉት።

ከዝርዝሩ ጋር የበዓሉን ወጪ ደምረው ያንኑ ያህል ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ወይም በሌላ ካርድ ላይ ያስቀምጡ። ደመወዝዎና ቁጠባዎ ያለበትን ሒሳብ በየሱቁና በየድረ ገጹ አያስነኩ። ካርዱ ቢሰረቅ ወይም ቁጥሩ ቢቀዳ የሚጠፋው በዚያ ሒሳብ ያለው ብቻ ይሆናል። በዚያው ቀን ባንክዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ገንዘብ በወጣ ቁጥር መልእክት እንዲደርስዎና በቀን የሚወጣው ገንዘብ ገደብ እንዲኖረው።

የክፍያውን መንገድ መምረጥ

ከጥንቃቄ ሁሉ ትልቁ ይኸኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዕቃውን አሥር ጊዜ መርጦ የክፍያውን መንገድ ለሻጩ ይተዋል።

በባንክ ካርድ የተከፈለ ገንዘብ የመመለስ ዕድል አለው። ዕቃው ካልመጣ ወይም ሌላ ነገር ከመጣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ክፍያውን ሊከራከርልዎ ይችላል። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ፣ ዕቃ ባልደረሰ ጊዜ የሚቀርበው ክርክር በአብዛኛው ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን ገደብ አለው። ብዙ ሰው በዚህ ይሸነፋል። ሻጩ «መርከብ ዘግይቶ ነው»፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» እያለ ቀን የሚያስቆጥረው አንዳንዴ ገደቡ እንዲያልፍ ነው። ይደርሳል ከተባለበት ቀን ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከሻጩ ጋር ንግግሩን ሳያቋርጡ ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተላከ ገንዘብ ግን እጅ በእጅ እንደ መስጠት ነው። ላኪው እርስዎ ነዎት፣ የፈቀዱትም እርስዎ ነዎት፤ ባንኩ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ሕግ ትእዛዝ መመለስ ይቸግረዋል። የሚያውቁትና አድራሻው የታወቀ ነጋዴ ከሆነ ችግር የለውም። በማኅበራዊ ሚዲያ ትናንት ያገኙት ሻጭ ከሆነ ግን አስቀድመው አይላኩ፤ ዕቃውን ከፍተው አይተው እዚያው ይክፈሉ። የሱቅ ስም ይዞ የግለሰብ ሒሳብ ቁጥር የሚሰጥ ሻጭ ካጋጠመዎ «ለምን በድርጅቱ ስም አይደለም?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ከተምታታ ይተዉት።

ቀብድ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፤ ውሉም ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ የሻጩ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የዕቃው ዓይነትና ሞዴል፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀብድ፣ የሚረከቡበት ቀን፣ በቀኑ ካልደረሰ ቀብዱ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይኑር። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ክርክር የሚነሳውም በእሱ ነው።

በስጦታ ካርድ (ገንዘብ ተሞልቶበት እንደ ስጦታ በሚሰጥ የሱቅ ካርድ) ቁጥር ወይም በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ የኢንተርኔት ገንዘብ) ክፈሉኝ የሚል ሻጭ፣ «የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ» ባይና «ዘመድህ ነኝ» ባይ ሁሉ ያለ ምንም ማጣራት አጭበርባሪ ነው ብለው ይውሰዱት። ቁጥሩ አንዴ ከተነበበለት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቀምበታል፤ መመለሻም የለውም። ራስዎ የስጦታ ካርድ ሲገዙ የሚስጥር ቁጥሩ የተሸፈነበትን ቦታ በጣትዎ ዳብሰው ይዩ። ተፍቆ ሌላ ተለጣፊ የተደረበበት ከሆነ ቁጥሩ አስቀድሞ ተቀድቷል፤ ገንዘብ ሲሞላበት ሌላው ይወስደዋል። ደረሰኙን ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ያቆዩት።

ሱቅ ውስጥ ኪው አር ኮድ ስካን አድርገው ሲከፍሉ ወረቀቱን በጥፍርዎ ነካ ያድርጉት። በዋናው ላይ ሌላ ተለጣፊ መለጠፍ የተለመደ ዘዴ ነው። ስካን ካደረጉ በኋላ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ለሻጩ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ «አዎ፣ የኛ ነው» ካለ በኋላ ያጽድቁ። በካርድ ማሽን ሲከፍሉም የሚስጥር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ገንዘብ ልክ ያንብቡ፤ አንድ ዜሮ የተጨመረበት ክፍያ በጥድፊያ መሀል በቀላሉ ያልፋል። ካርድዎ ከዓይንዎ አይራቅ፤ ማሽኑ ወደ እርስዎ ይምጣ።

የኢንተርኔት ሻጭን ማጣራት

አሥር ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ ያንብቡ። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ከመጀመሪያው ነጠላ ሰያፍ መስመር (/) ይነሡና ወደ ግራ ይሂዱ። ባለቤቱን የሚያሳዩት ከመስመሩ በስተግራ ያሉት፣ በነጥብ የተለያዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ናቸው። «ሱቅ.ኮም.የበዓል-ቅናሽ.ሾፕ/ግዛ» የሚል አድራሻ የ«ሱቅ.ኮም» አይደለም፤ ባለቤቱ «የበዓል-ቅናሽ.ሾፕ» ነው። የታወቀው ስም ፊት ላይ የተቀመጠው ዓይን ለመሳብ ብቻ ነው። አንዳንድ አገሮች መጨረሻው ላይ ሁለት ቃል ይጠቀማሉ፤ እዚያ ላይ ከሁለቱ በፊት ያለውን ቃል ይዩ። የላቲን ፊደሎቹንም አንድ በአንድ ይመልከቱ፦ ትንሹ «ኤል» ፊደል በቁጥር 1፣ «ኦ» ፊደል በዜሮ ሊተካ ይችላል፤ «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ «ኤም» ይመስላሉ።

አድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት አያሳምንዎ። ምልክቱ የሚናገረው በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል የሚሄደው መረጃ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ብቻ ነው፤ ሌባም የራሱን ድረ ገጽ ቁልፍ ያስገባለታል። የክሮም ማሰሻ እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን በሌላ የተካው፣ ብዙ ሰው «ታማኝ ሱቅ» ማለት አድርጎ ስለሚረዳው ነው።

ቀጥሎ የዕቃውን ፎቶ ወስደው በምስል መፈለጊያ ያፈላልጉት። አንዱ ፎቶ በአምስት የተለያዩ ሻጮች ገጽ ላይ ከወጣ፣ ሻጩ ዕቃው በእጁ አለ ማለት አይቻልም። ያን ጊዜ እንዲህ ይበሉት፦ «የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፈህ ዕቃው ላይ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ።» ዕቃው ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ይልካል፤ የሌለው ምክንያት ይደረድራል።

የገዢዎችን አስተያየት ሲያነቡ ከላይ ያሉትን አምስት ኮከቦች ይዝለሏቸውና ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ያንብቡ። የተገዛ አስተያየት ባብዛኛው አምስት ኮከብ ነው፣ አጭር ነው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በብዛት የተጻፈ ነው። ዕቃውን በእርግጥ የገዛ ሰው «ክዳኑ ይላላል»፣ «ገመዱ አጭር ነው» ብሎ ዝርዝር ይጽፋል።

ከዚያ የመመለሻ ደንቡን ይፈልጉ። በስንት ቀን መመለስ ይቻላል? የመመለሻ ማጓጓዣ ወጪው በማን ነው? የሚመለሰው ገንዘብ ነው ወይስ ሌላ ዕቃ መግዣ? ለስጦታ የሚገዙ ከሆነ ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ነው ወይስ ከበዓሉ? ቀድመው የገዙት ስጦታ በዓሉ ደርሶ ሲከፈት የመመለሻው ጊዜ አልፎ ሊገኝ ይችላል። ደንቡ የተጻፈበትን ገጽ በዚያው ቀን ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡ፤ በኋላ ሊለወጥ ይችላልና።

መልእክትና የማረጋገጫ ኮድ

በበዓል ሰሞን በጣም የሚበዛው «ዕቃዎ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ይቀራል» የሚለው አጭር መልእክት ነው። የሚሳካለት ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ዕቃ ስላለው ነው። ሊንኩን ተጭነው ያቺን ትንሽ ገንዘብ ለመክፈል የካርድዎን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ከጀርባው ያሉትን 3 ቁጥሮች ሲሞሉ፣ የተፈለገው ክፍያው ሳይሆን ቁጥሮቹ ናቸው። በመልእክቱ ሊንክ ፈጽሞ አይግቡ፤ የገዙበትን አፕ ወይም ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው ዕቃዎ የት እንደደረሰ ይዩ።

መልእክቱ ከባንክዎ ስም መምጣቱም ማረጋገጫ አይደለም። የላኪ ስም ሊመሰል ይችላል፤ ስልክ ደግሞ መልእክቶችን በላኪ ስም ስለሚደረድር፣ የሐሰቱ መልእክት ከእውነተኞቹ የባንክ መልእክቶች ሥር ተሰልፎ ይታያል። የሚደወልልዎ ቁጥርም እንዲሁ ሊመሰል ይችላል። «ከባንክ ነው» የሚል ስልክ ሲመጣ ዘግተው ካርድዎ ጀርባ ላይ በታተመው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

በስልክዎ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነበብም። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለዕቃ አድራሽም፣ ለዘመድም ቢሆን። ኮዱን ራስዎ ሲጠቀሙም ቁጥሩን ብቻ አይቅዱ፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ውስጡ ብዙ ጊዜ ምን እያጸደቁ እንደሆነ ተጽፏል፦ የስንት ክፍያ፣ ለማን። «በአዲስ ስልክ ለመግባት» የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው በእርስዎ ሒሳብ ሊገባ ደጅ ቆሟል ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ ለመሸጥ ማስታወቂያ ካወጡም ይህን ይያዙ፦ ገንዘብ ለመቀበል ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም። «ገንዘቡ እንዲገባልህ ኮዱን ንገረኝ» ያለ ሰው ሊወስድ ነው የመጣው።

ዕቃው በእጅ ሲገባ

ሚዛን። ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ፤ በዕቃ መያዣ የሚመዘን ከሆነ የመያዣው ክብደት ይቀነስ። ጥርጣሬ ካለ ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ጋር ከ1 ኪሎ ጥቂት ግራም ከፍ ይላል። 1 ኪሎ ከ100 ወይም ከ200 ግራም ካሳየ ሚዛኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ያንኑ ያህል ይወስድብዎታል።

ስልክ። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ይጻፉ፤ 15 አሐዝ ያለው መለያ ቁጥር ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩት። ካልገጠመ ስልኩና ካርቶኑ አይተዋወቁም። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ አካውንቱን እፊትዎ ያውጣ፣ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለስና እስከ መጀመሪያው ገጽ ድረስ ይክፈቱት። የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ከተጠየቀ አይግዙት፤ ሻጩ ሄዶ ስልኩ ሲቆለፍ የሚከፍትልዎ አያገኙም።

ሚሞሪና ፍላሽ። 64 ጊጋባይት የሚለው ኮምፒውተር ላይ 59.6 ሆኖ ቢታይ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ አልተታለሉም። ማጭበርበሩ ሌላ ነው፦ ትንሽ የሚይዘው ሚሞሪ 1 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ይደረጋል፤ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል የድሮውን ያጠፋል ወይም የተጻፈው አይከፈትም። የበዓሉን ፎቶ ከመጫንዎ በፊት በትልልቅ ቪዲዮዎች እስከ አፉ ይሙሉትና መጀመሪያና መጨረሻ የገቡት መከፈታቸውን ይዩ።

ፓወር ባንክ። ክብደቱ ይመሰክርበታል። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው 18650 የተባለው ሲሊንደር ባትሪ አንዱ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ 10,000 ለመድረስ ቢያንስ 3 ባትሪ፣ ማለትም ሽፋኑ ሳይቆጠር 135 ግራም ያስፈልጋል፤ ለ30,000 ደግሞ 9 ባትሪ፣ ከ400 ግራም በላይ። ጠፍጣፋው ዓይነት ጥቂት ቢቀልም በግማሽ አይቀልም። 30,000 የሚል ጽሑፍ የለጠፈ የ150 ግራም ዕቃ ይዋሻል፤ በቁጥሩ የዋሸ ደግሞ ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይግል የሚከላከለውን ክፍልም ሊቀንስ ይችላል።

የልጆች መጫወቻ። ገንዘብ የሚተካ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚተካ የለምና ቆም ብለው ያንብቡ። ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አደገኛ የሚባለው ትንሽ ነገር የሚለካው 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ነው። ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን ባዶ ቱቦ ይጠቀሙ፤ እሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል የበለጠ ይጠነቀቅልዎታል። በቱቦው ያለፈ መጫወቻ ወይም ተነቅሎ የሚወጣ ክፍሉ ለዚያ ዕድሜ አይሰጥም። ጎማውን፣ ዓይኑን፣ ቁልፉን ይዘው ጠበቅ አድርገው ይጎትቱ።

ባትሪውን በተለይ ይዩ። በሚያበራና በሚዘፍን መጫወቻ፣ በበዓል መብራት መቆጣጠሪያ፣ በሚዘፍን ፖስት ካርድ ሳይቀር የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ይገኛል። ሲአር2032 የሚለው ቁጥር ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቀው በዚህ ስፋቱ ነው። ምራቅ ሲነካው በባትሪው ዙሪያ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ሊያደርስ ይችላል። የባትሪው ክዳን በብሎን የማይዘጋ መጫወቻ አይግዙ። ልጅ ውጧል የሚል ጥርጣሬ ካለ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ እንዲያስመልሰው አይደረግም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዳል፤ የባትሪው ማሸጊያ ወይም ተመሳሳዩ ባትሪ አብሮ ይያዝ። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ይጣበቁና ሊበሱት ይችላሉ።

ዕቃ ሲረከቡ

ሳጥኑን ሲከፍቱ የማያቋርጥ አንድ ቪዲዮ ይቅረጹ። መጀመሪያ ስምዎና አድራሻዎ ያለበት ወረቀት በግልጽ ይታይ፤ ከዚያ ስድስቱም ጎን፤ ከዚያ ቴፑ ሲቆረጥ፤ ከዚያ ዕቃው ሲወጣና መለያ ቁጥሩ ሲነበብ። ቪዲዮው መሀል ላይ ከተቋረጠ «ያኔ ቀይረኸው ነው» የሚል መከራከሪያ ይከፍታል። አድራሹ ቸኩሎ «ፈርሙልኝ» ካለ፣ ሳጥኑ ከተቀደደ ወይም ከረጠበ ከፊርማዎ ጎን «ማሸጊያው ተቀዶ ደርሷል» ብለው ይጻፉ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት በሙቀት በሚታተም ስስ ወረቀት ላይ ከሆነ ጽሑፉ በወራት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ፎቶ ያንሱት።

ከተጭበረበሩ

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ማፈርና ለሰው ከመናገር መሸሽ የሚያባክነው ሰዓት ሌባው ገንዘቡን የሚያወጣበት ሰዓት ነው።

1. ለባንክዎ ይደውሉ፤ ካርዱን ወይም ሒሳቡን ያሳግዱ፤ ገንዘቡ የሄደበትን ባንክ ስም ካወቁም በእሱ በኩል እንዲታገድ ይጠይቁ። የአቤቱታውን ቁጥርና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይጻፉ።

2. በሰው ትእዛዝ ስልክዎ ላይ አፕ ጭነው ከነበረ ኢንተርኔቱን ያጥፉና አፑን ያስወግዱ። የይለፍ ቃል የሚለውጡት ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው፤ በመጀመሪያም የኢሜይልዎን። የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል መለወጫ የሚላከው ወደ ኢሜይሉ ነውና።

3. ከአጭበርባሪው ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ፤ አይሳደቡ፤ ወዲያው አያግዱት። ከነቀኑና ከነስልክ ቁጥሩ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የገጹን አድራሻ ይቅዱ፤ ከዚያ በኋላ ያግዱ።

4. ለፖሊስና ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፦ በየትኛው ቀንና ሰዓት ምን እንደተባለ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ በየትኛው መንገድ፣ ወደ የትኛው ሒሳብ፤ ማስረጃው በቁጥር ተቆጥሮ ከኋላ ይያያዝ።

ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታት «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» የሚል ሰው ሊደውል ይችላል። ጠበቃ፣ የባንክ መርማሪ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ይላል፤ የጠፋብዎን ልክ እስከ ሳንቲሙ ሊያውቅ ይችላል። የሚያውቀው የመጀመሪያው ሌባ ዝርዝሩን ስለሸጠለት ወይም ያው ሰው ራሱ ስለሆነ ነው። «የአገልግሎት» ወይም «የግብር» ክፍያ አስቀድመው እንዲልኩ ከጠየቀ ስልኩን ይዝጉና ቁጥሩን በማመልከቻዎ ላይ ይጨምሩት።